መድኃኒቱን ማን አቁሚ አለሽ?

አንዳንዶቻችሁ «ስለ ጤናም ጻፉልን» ብላችሁ ጠይቃችሁን ነበር። ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ በገዛ ዐይናችን ያየነው ነው።

አንድ እሑድ ከጸሎት በኋላ በአዳራሹ ተቀምጠን ሻይ እየጠጣን ሳለ አንዲት እህታችን ብርጭቆዋን እንደያዘች ንግግሯን አቋረጠች። ዐይኗ ወደ አንድ አቅጣጫ ፈጦ ቀረ። ቀኝ እጇ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ብርጭቆው ወደቀ፤ እሷም ተከትላ ወደቀች። አዳራሹ ተተራመሰ። አንዷ «ክብሪት! ክብሪት አምጡ!» ብላ ጮኸች፤ ሌላዋ የሻይ ማንኪያ በጥርሶቿ መካከል ለማስገባት ታገለች፤ ሦስተኛዋ አረፋው እንዳይነካት ሸሸች። የተንቀጠቀጠችው ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው፤ ለእኛ ግን ግማሽ ቀን መሰለን።

ስትነቃ የት እንዳለች አላወቀችም። ራሷን አሟታል፤ ምላሷን ነክሳለች፤ ከሁሉ በላይ ግን አፍራለች። አመሻሹ ላይ ረጋ ስትል ታሪኳን አጫወተችን። ከአንድ ዓመት በፊት በምትሠራበት ቤት ልብስ ስትተኩስ እንዲሁ ወድቃ ሆስፒታል ገብታ ነበር። አንጎሏን ፎቶ ሲያነሷት የትል ከረጢት ተገኘ። ሁለት ዓይነት መድኃኒት ተሰጣት፤ አንዱ ለትሉ፣ ሌላው መንቀጥቀጡን ለመያዝ። የትሉ መድኃኒት በሁለት ሳምንት አለቀ። ሁለተኛውን፣ ካርባማዜፒን የሚባለውን፣ ጠዋትና ማታ ስምንት ወር ሙሉ ዋጠች። በእነዚያ ወራት አንድም ጊዜ አልወደቀችም። ሁለተኛ ፎቶ ስትነሣም «ትሉ ሞቷል» ተባለች።

«ትሉ ከሞተ ክኒኑ ምን ያደርግልኛል አልኩ» አለችን። «ያንቀላፋኛል፤ ማዳምም በየወሩ ለዚህ ገንዘብ ስታወጣ ታጉረመርማለች። ተውኩት።»

«መድኃኒቱን ማን አቁሚ አለሽ?» ብለን ጠየቅናት።

«ማንም» አለች።

የተወችው ያ እሑድ ከመድረሱ ከአራት ሳምንት በፊት ነበር። እኛ ሐኪሞች አይደለንም፤ ነገር ግን «ማንም» የሚለው መልሷ እንቅልፍ ነሳንና ነገሩን ከሐኪሞች ጠይቀን፣ አንብበንም ለእናንተ ለማካፈል ወሰንን። ከእናንተ መካከል በሌላ ምክንያት የሚጥል በሽታ ያለባት እህት ብትኖርም፣ ስለ መድኃኒቱ የምንለው አብዛኛው ነገር እሷንም ይመለከታል።

የትኛው ትል ነው?

ኮሶ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። ጥሬ ሥጋ የምንወድ፣ ክትፎውንም ለብ ለብ ይበል እንጂ ይብሰል የማንል ሰዎች ነንና አያቶቻችን በየሁለት ወሩ የኮሶውን ዛፍ አበባ ፈጭተው፣ በጥብጠው ይጠጡ ነበር። ይህ በከብት ሥጋ የሚመጣው ኮሶ ሆድ ያውካል፣ ሰውንም ያሳፍራል፤ ወደ አንጎል ግን አይወጣም። ስለዚህ አገር ቤት ሳላችሁ ኮሶ ይዟችሁ የነበራችሁ ሁሉ ይህን አንብባችሁ አትደንግጡ።

አንጎል ውስጥ የሚገባው የእሱ የቅርብ ዘመድ፣ በአሳማ ሥጋ የሚመጣው ትል ነው። እዚህ ላይ እህታችንም «እኔ እኮ ዕድሜዬን ሙሉ አሳማ አፌ ገብቶ አያውቅም!» ብላ ተቆጥታ ነበር። እውነቷን ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና ረጋ ብላችሁ አንብቡልን።

ትሉ ወደ ሰው የሚገባበት መንገድ ሁለት ነው። የትሉ ከረጢት ያለበትን ያልበሰለ የአሳማ ሥጋ የበላ ሰው በአንጀቱ ውስጥ ረጅሙ ትል ያድግበታል። ይህ ሰው ብዙ ጊዜ ሕመም አይሰማውም። ነገር ግን ከሰገራው ጋር በዐይን የማይታይ የትል እንቁላል በብዙ ሺህ እየሆነ ይወጣል። ሁለተኛው መንገድ ያን እንቁላል መዋጥ ነው። ከመጸዳጃ ቤት ወጥቶ እጁን በሳሙና ያልታጠበ ሰው ያዘጋጀው ሰላጣ፣ የተበከለ ውኃ፣ በደንብ ያልታጠበ አትክልት ያደርሰዋል። የተዋጠው እንቁላል በሆድ ውስጥ ይፈለፈልና ደቂቁ ትል የአንጀትን ግድግዳ በስቶ ከደም ጋር ይጓዛል፤ በጡንቻ፣ በዐይን ወይም በአንጎል ውስጥ ያርፋል። አንጎል የሚታመመው በዚህ በሁለተኛው መንገድ ነው። አሳማ መብላት አለመብላት እዚህ ላይ አያድንም።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆን አንድ ታሪክ እንንገራችሁ፤ እኛን የቤት ሠራተኞችን በቀጥታ ይነካናልና። እ.ኤ.አ. በ1990 እና በ1991 በአሜሪካ በኒው ዮርክ ከተማ አራት አጥባቂ አይሁድ በተደጋጋሚ የመንቀጥቀጥ ሕመም ተያዙ። አራቱም የተለያየ ቤተሰብ ነበሩ፤ የአሳማ ሥጋም በሃይማኖታቸው ክልክል ነው። በአንጎላቸው ውስጥ የተገኘው ግን ይኸው የአሳማ ትል ከረጢት ነበር። ሐኪሞቹ እ.ኤ.አ. በ1992 ባወጡት ዘገባ እንደጻፉት፣ ከእነዚሁ ሰዎች 17 ቤተሰቦች ደም ተመርምሮ በ7ቱ ላይ የትሉ ምልክት ታየ። ከዚያም በአራቱ ቤቶች የሚሠሩ ስድስት የቤት ሠራተኞች ተመረመሩ፤ አንዷ ትሉ በአንጀቷ ውስጥ ነበር፤ በሌላዋም ደም ላይ ምልክቱ ተገኘ። ሠራተኞቹ ትሉ ከሚበዛባቸው የላቲን አሜሪካ አገሮች በቅርቡ የመጡ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2004 ከኩዌት የታተመ ጥናትም ሕመሙን ከውጭ ይዘው ከገቡት ሌላ እዚያው ኩዌት ውስጥ ሳሉ የተያዙ ሰዎች እንዳሉ አስረድቷል።

ይህን ስንጽፍ አንድ ነገር ከበደን። አንዳንድ አሠሪ ይህን ቢሰማ «በሽታ ያመጣችሁብን እናንተ ናችሁ» ሊል ይችላል። እኛ ግን እንዲህ እንላለን። ትሉን በሆዷ የያዘችው ሠራተኛ ጥፋተኛ አይደለችም፤ መያዟንም አታውቅም። ከሁሉ ይልቅ አደጋ ላይ ያለችውም ራሷ ናት፤ እንቁላሉ ከገዛ እጇ ወደ አፏ ሊመለስ ይችላልና። በሰገራ ምርመራ ይታያል፤ አንጀት ውስጥ ያለው ትል ደግሞ ሐኪም በሚያዘው ክኒን በቀላሉ ይድናል። ለዚህ ሰው ከሥራ አይባረርም። አንድ ወጥ ቤት የምትጋሩ የሕንድ፣ የኔፓል ወይም የማዳጋስካር እህቶች ካሉም በጥርጣሬ አትዩአቸው፤ በአገራችንም ቢሆን ከሃይማኖታችን የተነሣ አሳማ የሚበላው ጥቂት ስለሆነ ነው እንጂ ከሌላው የተሻልን ንጹሐን ስለሆንን አይደለም ትሉ ብዙ የማይታየው። ሁላችንም ከመጸዳጃ ቤት ስንወጣና ወጥ ቤት ስንገባ እጃችንን እስከ ጥፍራችን ሥር በሳሙና እንታጠብ።

«መቼ ያዘኝ?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ መልስ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1961 የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት፣ በብዛት በሕንድ አገር ሲያገለግሉ በዚህ ትል የተያዙ 450 የእንግሊዝ ወታደሮችን ተከታትሎ ነበር። በብዙዎቹ ላይ መንቀጥቀጡ የጀመረው ከተያዙ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲሆን ሠላሳ ዓመት ያህል የቆየባቸውም ነበሩ። ስለዚህ «ይህ የማዳም ቤት ነው ያሳመመኝ» ወይም «ያ የፊተኛው ነው» ብሎ ለመፍረድ ያስቸግራል።

ትሉ ሞቶ ሕመሙ ለምን ይቀራል?

የእህታችን ስሕተት ከዚህ ይጀምራል። ስሕተቷም የሞኝ ስሕተት አይደለም፤ ማንም እንዲሁ ሊያስብ ይችላል።

አንጎል ውስጥ ያረፈው ደቂቅ ትል ውኃ የሞላበት ትንሽ ከረጢት ይሆናል፤ መጠኑ የሽምብራ ፍሬ ያህል ነው። በሕይወት ሳለ ከሰውነታችን ዘበኞች ራሱን ይደብቃል፤ ለዓመታት ምንም ላይሰማን ይችላል። መከራው የሚመጣው ሲሞት ነው። አርጅቶም ሆነ በመድኃኒት ሲሞት መደበቁ ይቀራል፤ ሰውነታችን ባዕድ ነገር መኖሩን ያውቅና ይዘምትበታል። በዙሪያው ያለው የአንጎል ክፍል ያብጣል፣ ይቆጣል። መንቀጥቀጡ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ያኔ ነው። ሐኪሞች ትሉን የሚገድለውን አልቤንዳዞል ወይም ፕራዚኳንቴል ሲሰጡ እብጠቱን የሚያበርድ እንደ ዴክሳሜታዞን ያለ መድኃኒት አብረው የሚያዙትም ለዚህ ነው።

ከዚህ የተነሣ አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለን። በዚህ ሕመም የምትጠረጠር ወይም ምክንያቱ ሳይታወቅ የምትወድቅ እህት ከፋርማሲ የትል መድኃኒት ገዝታ በራሷ አትዋጥ። ለሆድ ትል ተብሎ የተዋጠ ፕራዚኳንቴል በአንጎል ያለውን ከረጢት ሳይታሰብ ነክቶ ከባድ መንቀጥቀጥ ሊያስነሣ ይችላል። መጀመሪያ የአንጎል ፎቶና የዐይን ምርመራ፣ ከዚያ መድኃኒት።

ትሉ ከሞተ በኋላ በወራት ውስጥ ከረጢቱ ይሟሽሻል። አንዳንዱ ጨርሶ ይጠፋል። አንዳንዱ ግን እንደ ኖራ ጠጥሮ ጠባሳ ሆኖ ይቀራል፤ በሲቲ ስካን ላይ እንደ ነጭ ነጥብ ይታያል። ከእኛ መካከል በዘይት ወይም በካውያ እጇ ያልተቃጠለ ማን አለች? እሳቱ ያኔውኑ ጠፍቷል፤ ጠባሳው ግን እስከ ዛሬ ከእጃችን ላይ አለ፤ አንዳንዴም ያሳክካል። በአንጎል ያለውም ጠባሳ እንዲሁ አንዳንዴ ይቆጣል፤ በዙሪያው እንደገና የሚያብጥበት ጊዜም አለ። አንጎል የሚሠራው እጅግ በጥቂት የኤሌክትሪክ ምልክት ነው፤ ጠባሳው ያለበት ቦታ እንደ ተላጠ የኤሌክትሪክ ሽቦ ድንገት ብልጭ ይልና ብልጭታው ወደ ሌላው ክፍል ይዛመታል። ሰውየው የሚወድቀው ያኔ ነው።

እንግዲህ ካርባማዜፒን፣ ፌኒቶይን፣ ፌኖባርቢታል፣ ቫልፕሮዌት፣ ሌቬቲራሴታም የሚባሉት መድኃኒቶች ትል አይገድሉም፣ ጠባሳም አይፍቁም። ሥራቸው ያ ብልጭታ እንዳይነሣና እንዳይዛመት ማፈን ነው። የሚያፍኑትም በደም ውስጥ እስካሉ ድረስ ብቻ ነው። «ስምንት ወር አልወደቅሁም» ማለት መድኃኒቱ ሥራውን እየሠራ ነው ማለት ነው። እህታችን ግን ሥራውን በሚገባ ስለሠራ አባረረችው።

ድንገት ሲቋረጥ

ሰውነት ለመድኃኒቱ ይለምዳል። አንድ ቀን ድንገት ሲነጠቅ የታፈነው ብልጭታ ከበፊቱ ብሶ ሊመጣ ይችላል። በተለይ በአገራችን ጤና ጣቢያዎች ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ፌኖባርቢታል በድንገት ሲተው አደገኛ ነው። ከሁሉ የሚያስፈራው አንዱ መንቀጥቀጥ ሳያበቃ ሌላው እየተከተለ፣ ሰውየው ሳይነቃ የሚቀጥለው ነው፤ ይህ ቶሎ ካልታከመ አንጎልን ይጎዳል፣ ይገድላልም።

ታዲያ ዕድሜ ልክ መዋጥ ነው ወይ? አይደለም፤ ለብዙዎች አይደለም። ይህን አጉልተን የምንጽፈው «መቼም አያልቅ» ብለው ተስፋ ቆርጠው የሚተዉ ስላሉ ነው። ሐኪሞች የሚመሩበት አሠራር በግምት እንዲህ ነው። ከረጢቱ አንድ ብቻ ከነበረ፣ በፎቶ ጨርሶ ከጠፋ፣ ጠጣር ጠባሳም ካልተወ፣ ሰውየውም ካልወደቀ ከስድስት ወር በኋላ ስለ ማቆም ሊያስቡ ይችላሉ። ከረጢቶቹ ብዙ ከነበሩ ወይም ሕክምና ላይ እያለ የወደቀ ከሆነ ቢያንስ ሁለት ዓመት ሳይወድቅ መቆየቱን ይጠብቃሉ። ጠጣር ጠባሳ የቀረበት ከዚያም በላይ ሊያስፈልገው ይችላል። ሲያቆሙም እንደ መብራት ማብሪያ ቀጭ አድርገው አይደለም፤ መጠኑን በሳምንታትና በወራት ጥቂት በጥቂት እየቀነሱ ነው። እህታችን ሁለተኛውን ፎቶ ስትነሣ ጠባሳው ጠጥሮ ታይቶ ነበር፤ «ትሉ ሞቷል» ያላት ሰው ይህንንም ቢነግራት ኖሮ ብለን ተቆጭተናል። ጥያቄውን ግን እኛም ልንጠይቅ ይገባናል፦ «ጠባሳ ቀርቷል ወይ? መድኃኒቱን እስከ መቼ ልውሰድ? የሚቀንስልኝ ማነው?»

ለምን እንተወዋለን?

ከብዙዎቻችሁ ጋር ስንነጋገር የሰማነው ምክንያት አንድ አይደለም።

አንዷ እንቅልፉን አልቻለችም። ከማለዳ እስከ እኩለ ሌሊት ለምትሠራ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ድብታው ግን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብሶ ኋላ ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። ካልቀነሰ ሐኪሙ መጠኑን ወይም ሰዓቱን ሊያስተካክል፣ በሌላም ሊለውጠው ይችላል። በአንድ ነገር ብቻ ነገ አትበሉ፦ አዲስ መድኃኒት ከጀመራችሁ በኋላ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ትኩሳት፣ የቆዳ ሽፍታ፣ የአፍ መቁሰል ከመጣ በዚያኑ ቀን ሐኪም ቤት ሂዱ።

ሌላዋ ደብቃ ትውጥ ነበር። ማዳም እንዳታይባት ክኒኑን ከማሸጊያው አውጥታ በሶክ ውስጥ ታስቀምጣለች፤ ልብስ ሲታጠብ አብሮ ታጠበ። ፍርሃቷ ይገባናል። በሽታው ታውቆ ወደ አገሯ የተመለሰች እህት እናውቃለን፤ ስለዚህ «ሁላችሁም ለአሠሪያችሁ ንገሩ» ብለን ከሩቅ ሆነን ለመፍረድ አንደፍርም። ነገር ግን ቢያንስ አንድ የምታምኑት ሰው ይወቅ፤ ብቻችሁን ሆናችሁ ሕፃን የምታጥቡ፣ በፎቅ መስኮት ላይ ቆማችሁ መስታወት የምታጸዱ ከሆነ ግን ዝምታው ከመባረር የከፋ ነገር ሊያመጣ ይችላል። እስኪረጋጋ ድረስ ከሰገነትና ከመሰላል ሥራ ራቁ። የድስቱን እጀታ ወደ ውስጥ አዙሩ፤ በኋለኛው ምድጃ ላይ አብስሉ። ገላችሁን ስትታጠቡ በሩን አትቆልፉ።

ከቤት የወጣችም አለች። ክርክር ተነሥቶ በሌሊት በለበሰችው ልብስ ብቻ ስትወጣ መድኃኒቱም የሐኪም ወረቀቱም እዚያው ቀረ። እንዲህ ያለው ነገር ቀን ቆርጦ አይመጣምና የመድኃኒታችሁን ማሸጊያና የሐኪም ማዘዣውን በስልካችሁ ፎቶ አንሡ፤ ለአንዲት ጓደኛም ላኩት። ከማሸጊያው ላይ ሁለት ስም ታገኛላችሁ፤ አንዱ የፋብሪካው ስም ነው፣ ለምሳሌ ቴግሬቶል፤ ሁለተኛው የመድኃኒቱ እውነተኛ ስም ነው፣ ካርባማዜፒን። የፋብሪካው ስም ከአገር አገር ይለያያል፤ እውነተኛው ስም ግን ቤይሩትም ሪያድም አዲስ አበባም ያው ነው። ዴፓኪን የሚባለው ቫልፕሮዌት፣ ኬፕራ የሚባለው ሌቬቲራሴታም ነው። ሚሊግራሙንም ጻፉት። ወደ አገር ስትመለሱም ሆነ ስትመጡ ክኒኑን በሻንጣ ሳይሆን በእጅ ቦርሳ ያዙት፤ ከነማሸጊያውና ከነማዘዣው። ፌኖባርቢታል በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ከሚደረግባቸው መድኃኒቶች አንዱ ስለሆነ ያለ ሐኪም ወረቀት በአየር ማረፊያ ችግር ያመጣል። እስር ቤት ወይም መጠለያ የገባችም እህት በመጀመሪያው ሰዓት ለጠባቂው ትንገር። የዐረብኛው ቃል «ሰረዕ» ነው፦ «ዒንዲ ሰረዕ፣ ላዚም ኣኹድ ደዋ ኩል ዮም» ማለት «የሚጥል በሽታ አለብኝ፣ በየቀኑ መድኃኒት መውሰድ አለብኝ» ማለት ነው።

ስለ ጠበል የሚጠይቁንም ብዙ ናቸው። ለዕረፍት ወደ አገር ገብታ ጠበል ስትጠመቅ «እምነቴ ሙሉ እንዲሆን» ብላ መድኃኒቱን ያቆመች አለች። ጠበሉና ክኒኑ ጠላቶች አይደሉም። የኤች አይ ቪ መድኃኒት ሲመጣም ይኸው ጥያቄ ተነሥቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብሮ መውሰድ እንደሚገባ በይፋ ተናግረዋል። ለዚህኛውም ሕመም እንዲሁ ነው። ጾምን በተመለከተ፣ በቀን አንድ ጊዜ ማታ የሚወሰድ ካለ ከጾሙ ሰዓት ጋር አይጋጭም፤ ጠዋትም የሚወሰድ ከሆነ ንስሐ አባታችሁን አማክሩ፤ ሕመምተኛን የሚያስጨንቅ አባት አላጋጠመንም። በራስ ሥልጣን የጠዋቱን ወደ ማታ ደርቦ መዋጥ ግን አይሆንም።

ጾምን ካነሣን አይቀር የረመዳንን ወር እናስታውሳችሁ። በብዙ ቤቶች ሌሊቱን በሙሉ እስከ ሱሑር ድረስ ሥራ አለ፤ ጠዋትም ልጆቹ ይነሣሉ። እንቅልፍ ማጣት መድኃኒቱን በሚገባ የምትወስደውን እንኳ ሊጥላት ይችላል። ምናልባት አሠሪያችሁን ስለ አንድ ነገር ብቻ ልትለምኑ የምትችሉ ብትሆኑ፣ በዚያ ወር ቀን ላይ ሦስትና አራት ሰዓት ያህል ሳይቀሰቅሷችሁ እንድትተኙ ለምኑ።

አንድ ጊዜ መዋጥ ከረሳችሁ ባስታወሳችሁ ጊዜ ዋጡት፤ የሚቀጥለው ሰዓት ከደረሰ ግን ያለፈውን ተዉት፤ ሁለት አትደርቡ። የወሊድ መከላከያ ክኒን የምትወስዱ ደግሞ ካርባማዜፒን፣ ፌኒቶይንና ፌኖባርቢታል ኃይሉን እንደሚቀንሱት እወቁ። ቫልፕሮዌት በማኅፀን ያለውን ሕፃን ሊጎዳ ይችላል፤ ያረገዘችም ሆነ ልታረግዝ ያሰበች ፈጥና ሐኪሟን ታማክር እንጂ እሷም ብትሆን በራሷ ድንገት አትተው።

ስትወድቅ ብታዩ

ወደ ክብሪቱ እንመለስ። ከእናቶቻችን የወረስነው ነገር ነው። መንቀጥቀጡ አብዛኛውን ጊዜ በአንድና በሁለት፣ ቢበዛ በሦስት ደቂቃ በራሱ ይቆማል፤ በዚያ መካከል ክብሪት ስለ ጫርን ክብሪቱ ያስቆመው ይመስለናል። ነገሩ ያስገርማል፤ ምንም ያልሠራውን ክብሪት እናመሰግናለን፣ ስምንት ወር የሠራውን ክኒን እንጥላለን። ጭሱ ያፍናታል፣ ፊቷንም ያቃጥላታል። ማንኪያውም ጥርስ ይሰብራል። አረፋው ምራቅ ነው፤ በሽታው በምራቅ አይተላለፍም።

ስለታምና ትኩስ ነገር ከአጠገቧ አርቁ፤ ነጠላ ወይም ፎጣ አጥፋችሁ ከራሷ ሥር አድርጉ፤ ሰዓት ተመልከቱ። አጥብቃችሁ አትያዟት፤ በአፏ ምንም አታግቡ። መንቀጥቀጡ ሲያበቃ ምራቁ እንዲወጣ በጎኗ አስተኟት፤ እስክትነቃ ከአጠገቧ አትራቁ። አምስት ደቂቃ ካለፈ፣ ሳትነቃ ከደገማት፣ ውኃ ውስጥ ከወደቀች፣ እርጉዝ ከሆነች ወይም የመጀመሪያዋ ከሆነ አምቡላንስ ጥሩ።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ 50 ሚሊዮን ያህል ሰው ይህ የሚጥል በሽታ አለበት፤ ተገቢውን ሕክምና ቢያገኙ ከመቶው እስከ ሰባው ሳይወድቁ መኖር ይችላሉ። በአገራችንም በቡታጅራ አካባቢ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመ ጥናት ከሺህ ሰው አምስት ያህሉ እንዳለበት አሳይቷል። ልክፍት ቢሆን ኖሮ በዚህ ሁሉ አገር፣ በዚህ ሁሉ ሃይማኖት አይገኝም ነበር።

እህታችን በማግሥቱ ሐኪም ዘንድ ተመልሳ መድኃኒቱን እንደገና ጀመረች። ድብታው እንዲቀንስላት መጠኑ ዝቅ ካለ ተጀምሮ ቀስ እያለ ወጣ። አሁን ሰባተኛ ወሯ ነው። ማዳሟን ስታናግር ሁለታችን አብረናት ሄደን ነበር፤ የመስኮቱ ሥራ ለሌላ ተሰጥቷል፤ የመድኃኒቱ ዋጋ ግን ገና እያነጋገረን ነው። ሁለት ዓመት ሲሞላ ፎቶ ትነሣለች። ያን ቀን ሐኪሙን የምትጠይቀውን ሦስት ጥያቄ በደብተሯ ላይ ጽፋ አሳይታናለች።